መልሶ የማይጠራ ገበያ

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ብርድ ልብስና ጋቢ ሲሸጡ የኖሩ የደጋ ነጋዴ ናቸው። ስለዚህ ሐዋሳ ደርሰው ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ ያስተዋሉት ሐይቁንም ዘንባባውንም አልነበረም። ሰዉ በካናቴራ መሄዱን ነው። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ጋቢያቸውን ከላይ እንደደረቡ፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ግራ ቀኝ ተመለከቱና "ብርድ የሌለበት አገር ሰው ምን ሸጦ ይበላል?" አሉኝ። ገና ተሳስመን ሳንጨርስ ነው።

የጠራኋቸው ጉልበታቸውን ሐኪም ያየዋል ብዬ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያንን ትልቅ ቤት ብቻቸውን ታቅፈው ቀርተዋል፤ ወንድሞቼም በየአገሩ ተበትነዋል። ስደውልላቸው "ምን በሉ?" እላለሁ፣ "በልቻለሁ" ይሉኛል፤ ምን እንደበሉ ግን አንድ ቀን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየሠራሁ፣ አቶቴ ሰፈር በተከራየኋት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻዬን ነው የምኖረው። እንዲቀሩልኝ ነበር የፈለግሁት፤ ለጉልበታቸው ሳይሆን ለዘለቄታው። ይህንን ግን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። እኛ ቤት ለአባት እንዲህ ያድርጉ፣ እንዲያ ይሁኑ አይባልም። ያደግሁት "እንደፈለጉ" እያልኩ ነው፤ ሥራዬም ቢሆን ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ "እሽሽ" ማለት ነው።

በመጡ በማግስቱ ቁርስ ላይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና "ሐሙስ እሄዳለሁ" አሉ።

"እንደፈለጉ አባዬ" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሻያቸውን ቀጠሉ። አከራዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ከወላይታ የመጣች፣ መሥሪያ ቤት የምትውል፣ እሑድ እሑድ ከቸርች የማትቀር፣ ለሁሉም ነገር የምትጸልይ ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ ለውኃ ቆጣሪያችን ስትጸልይ ሰምቻታለሁ። "ጌታ ያውቃል አባባ" አለቻቸው።

"ጌታማ ያውቃል" አሉ አባቴ። "መኪናው ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው።"

ሐሙስ መጣ፣ አልሄዱም፤ ሐኪሙ ገና መድኃኒቱን አልጨረሱም ብሏቸዋል። ለሚቀጥለው ሐሙስ ዛቱ። እኔም "እንደፈለጉ" አልኩ። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ሌላ ያዘዘላቸው በደንብ እንዲራመዱ ነበርና፣ እኔ መለመን ካልቻልኩ ከተማዋ ትለምንልኝ ብዬ ከሥራ መልስ በየሰፈሩ ይዣቸው መዞር ጀመርኩ። ሐዋሳን አይቶ ያልወደደ ሰው አላጋጠመኝም። እሷን ግን አባቴ ገና አላጋጠሟትም ነበር።

የጀመርነው ከሐይቅ ዳር ነው። ጀልባው፣ ጥላው፣ ፎቶ የሚነሱት ሙሽሮች፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘሉት ጦጣዎች፣ ሁሉም በየቦታው ተገኝቶልኛል። አባቴ ሐይቁን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ወደዱት ብዬ ልቤ ሞቀ። "ይኼን ሁሉ ውኃ ማን ይጠጣዋል?" አሉ በመጨረሻ። አንዲት ጦጣ ከእጃቸው ላይ ኦቾሎኒውን መንጭቃ ዛፍ ላይ ወጣች፤ እሳቸው ደግሞ ከታች ቆመው፣ አባቷ ማን እንደሆነና እንዴት እንዳሳደጋት ይጠይቋት ጀመር። ሙሽሮቹን የሚያነሱት ልጆች እነሱን ማንሳት አቁመው እሳቸውን ቀረጹ። እስከ ዛሬ በአንድ የማላውቀው ሰው የሠርግ ቪዲዮ ውስጥ አባቴ ጋቢ ለብሰው ጦጣ ይገሥጻሉ።

ከዚያ አሞራ ገደል ወረድን። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ያመጡትን እዚያው ሐይቁ አፋፍ ላይ የሚሸጡበት ገበያ ነው። ጀልባው ይጠጋል፣ መረቡ ይራገፋል፣ ቅርፊቱ ይፋቃል፤ አንዱ ጥሬውን በዳጣ ይበላል፣ አንዱ የተጠበሰውን ይጠብቃል። በየመሐሉ አባ ኮዳ የሚባሉት መላጣና ግዙፍ አሞሮች ሰው መሀል ገብተው ተራ የያዙ ይመስል ቆመዋል። አባቴ ገበያ ሲያዩ ጉልበታቸውን ረሱት። ዓይናቸው በራ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከደረደረ ወጣት ፊት ቆሙ።

ዋጋ ጠየቁ። ነገራቸው። "ለዚች?" አሉ፣ ዓሣዋን ገና የተወለደች ያህል እያዩ። ወጣቱ ትንሽ ቀነሰ። እሳቸው ከዚያ በታች ሰጡ። ወጣቱ ሳቀና ራሱን ነቀነቀ። በዚህን ጊዜ አባቴ በደጋው ገበያ ውስጥ የታወቁበትን ነገር አደረጉ፤ "ተወው" ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

አካሄዳቸው የራሱ ሥርዓት ነበረው። ዝግ ብለው፣ አንገታቸውን ትንሽ ወደ ጎን አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ትተው። እንዲህ ሲሄዱ ነጋዴው "ኧረ ጋሼ፣ ይመለሱ፣ ይውሰዱት" ብሎ ይጣራል፤ ሁልጊዜ ይጣራል። እዚህ ግን ከኋላችን አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ ዓሣውን በሙሉ በፌስታል አስደርጋ ይዛ ሄደች። ወጣቱም ቢላውን አጥቦ ወደ ጀልባው ተመለሰ። አባቴ ይህን ሁሉ አላዩም፤ እስኪጠሩ እየጠበቁ ገበያውን አልፈው አስፋልቱ ጋ ደርሰዋል። የተከተላቸው ብቸኛ ፍጡር አንድ አባ ኮዳ ነበር። የእግር ድምፅ ሰምተው በድል ፈገግታ ዞር ሲሉ ከእሱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

"እንዲጠራኝ የላኩት ይኼን ነው?" አሉኝ።

በሌላ ቀን ባህል አዳራሽ አካባቢ ጁስ ቤት አስገባኋቸው። ስፕሪስ አዘዝኩ፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሀል፣ ፓፓያው ከላይ ሆኖ በረጅም ብርጭቆ መጣ። አባቴ ገና ሳይቀምሱ ዋጋውን ጠየቁ። አስተናጋጇ በትሕትና "አባባ፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል" አለቻቸው።

"እኔ ግድግዳውን አልጠየቅሁም።"

ልጅቷ ነገረቻቸው። ቅናሽ ጠየቁ። ልጅቷ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ብርጭቆዬ አየሁ። "ተዉት" ብለው ተነሥተው ወጡ። በመስታወቱ በኩል ይታዩኛል፤ ባጃጅ ተራውን አልፈው፣ የሞባይል ሱቅ ደርሰው፣ እዚያ ቆመው የማያውቁትን የስልክ መሸፈኛ በጥሞና መመርመር ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም። ልጅቷ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመልሰው መጡና "ጋቢዬን ረስቼ ነው" አሉ። ጋቢው ወንበሩ ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። አባቴ በሕይወታቸው ጋቢያቸውን ረስተው አያውቁም። ቁጭ አሉና ስፕሪሱን እስከ ታች ጠጡት።

እዚያው ቁጭ እንዳልን ነው ነገሩን ያስረዱኝ። እንደ ሞያ ምስጢር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "መሄድ ማለት" አሉ፣ "መሄድ አይደለም። ጥያቄ ነው። የሚሄደውን ሰው እግሩን እዪ። ከምር የሚሄድ ይፈጥናል፤ ዞሮም አያይ። መጠራት የፈለገ ግን ይዘገያል፤ መንገድ ላይ የማይፈልገውን ዕቃ ዋጋ ይጠይቃል። ነጋዴ ይህን ካላወቀ ሱቁን ይዝጋ።"

"ካልጠራውስ?"

"እሱማ ነውር ነው። ሰውዬው በገዛ እግሩ ይመለስ? ክብሩስ?" ማንኪያውን ላሱና ቀጠሉ። "በመጀመሪያው ጥሪም አይዞርም። ቸኩሎ የዞረ ሰው ረክሷል።"

ከዚያ ሳቅ አሉ። "እናትሽ ጎበዝ ነበረች። በተጣላን ቁጥር 'ይህን ቤት ለቅቄ እሄዳለሁ' ብዬ ከዘራዬን አነሣለሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ በሩ ላይ ቆማ ትጠራኛለች። አንድ ቀን ዘገየች። የጎረቤት አጥር ስንት እንጨት እንዳለው የማውቀው ያን ቀን ቆሜ ቆጥሬ ነው።"

እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ፤ የእናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ስፕሪሴን ጨርሼ ባጃጅ ጠራሁ። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቼ ምንም አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

አሮጌው ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። እዚያስ ሳይወዱ አይቀሩም ብዬ አንድ ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ወሰድኳቸው። ከዙሪያው ገጠር የመጡ የሲዳማ ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረው ቆጮውን፣ ጎመኑን፣ ዝንጅብሉን፣ አናናሱን ዘርግተዋል። እርስ በርሳቸው በሲዳሙ አፎ ይጫወታሉ፤ ከገዢ ጋር በአማርኛ ይከራከራሉ። አባቴ አቮካዶ ከምትሸጥ አንዲት ጎልማሳ ሴት ፊት ተቀመጡ። አቮካዶ ከነፍሳቸው አይወዱም፤ "ሳሙና ሳሙና ይላል" ይላሉ። ግን ሴትዮዋ በደንብ ስለተከራከረቻቸው ልባቸው ተነካ። ስትስቅ ይስቃሉ፣ ስትቆጣ ይቆጣሉ፤ ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ታዲያ መጨረሻው ላይ፣ አይቀሬው መጣ። "ተዪው" ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ሴትዮዋ ዝም አለች። እሳቸው ዝንጅብሉን አለፉ። ዝም። የድንች ዋጋ ጠየቁ። ዝም። ጎመን ተራው መጨረሻ ላይ ቆመው ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ። ከዚያ በላይ ቢሄዱ ታቦር ተራራን መውጣታቸው ነው። ጉልበታቸው አሳዘነኝ። ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ ብዬ "ለምን አልጠራሻቸውም?" አልኳት።

ግራ ገባት። "አባባ አልፈለገም፣ ሄደ። ትልቅ ሰው ነው። እግሩን ይዤ ልጎትት?"

"አይ፣ መጠራት ፈልገው ነው።"

ወደ እሳቸው አየች፣ ወደ እኔ አየች። "ታዲያ ለምን ይሄዳል?"

"በእኛ አገር እንዲህ ነው። ጥሪያቸው እባክሽ" ብቻ አልኳት። ሴትዮዋ ተነሥታ ቆመች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ገበያው እስኪናጥ "አባባ! አባባ! ና፣ ውሰድ!" ብላ ተጣራች። አባቴ ንቅንቅ አላሉም። ደግማ ስትጠራ፣ ያኔ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ሥራ እንደበዛበት ሰው እያመነቱ መጡ። የማይወዱትን አቮካዶ ጆንያ ሙሉ ገዙ። ግቢያችን ውስጥ ለሳምንት ያልተላጠ፣ ያልተጨመቀ፣ ውሰዱልን ተብሎ ያልተለመነበት አቮካዶ አልነበረም፤ አከራዬም "ጌታ ሲባርክ እንዲህ ነው" እያለች ለዘመዶቿ አከፋፈለች።

ከዚያ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ እሳቸው ገበያ ናቸው። ሴትዮዋም ገባት፤ ገና ከሩቅ ስታያቸው፣ ሳይሄዱም ትጠራቸዋለች። "ደንበኛዬ ናት" ይሉኛል ኮራ ብለው። "የሐሙሱ መኪናስ?" ትላቸዋለች አከራዬ። "ሐሙስማ ገበያ ነው፣ እንዴት ይሄዳል?" ይላሉ። እኔም በልቤ ከተማዋ ለመነችልኝ እያልኩ ተዝናናሁ።

ችግሩ ጉልበታቸው ዳነ። ሐኪሙ ጨረስን አለ፤ እኔና እሳቸው አብረን የያዝነው ሰበብ አለቀ። ማታ እራት ላይ "በቃ፣ በዚህ ሐሙስ እሄዳለሁ" አሉ። ሐሙስ የገበያቸው ቀን መሆኑን ጨርሰው የረሱት ይመስላሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

"እንደፈለጉ አባዬ" አልኩ።

አለማወቄ መች በዚህ አበቃ! ክብር መስጠቴ ነው ብዬ ሸሚዛቸውን ተኮስኩ፣ ጋቢያቸውን አጠብኩ፣ ሻንጣቸውን አስተካክዬ በር ላይ አስቀመጥኩ። ስንቅ ቋጠርኩ። አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር። "ቅልጥፍናሽ!" አሉ። እኔ ሞኝ አመሰገኑኝ ብዬ አፈርኩ።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ገባን። ይህች ከተማ ሰው ከተጣራች የምትጣራው እዚያ ነው። ረዳቱ ሁሉ "አዲስ አዲስ! ሻሸመኔ! ዲላ ዲላ!" ይላል፤ አንዱ ሻንጣቸውን ይጎትታል፣ አንዱ ክንዳቸውን። አባቴ ቆመው በትዝብት ተመለከቱ። "አየሽ፣ መጣራት ያውቃሉ" አሉኝ። "ለመውሰድ ሲሆን።"

የመጀመሪያውን መኪና ሾፌሩ ልጅ ነው ብለው ተዉት። ቀጣዩን ጎማው አላማረኝም አሉ። ከዚያ ሌላ መኪና ሞልቶ አንድ ወንበር ብቻ ቀረ፤ ሾፌሩ ሽማግሌ፣ ጎማው አዲስ። ሰበብ ጠፋ። ጉንጬን ሳሙኝ፣ "በርቺ" አሉኝ፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ መኪናው ሄዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

መሀል ላይ ቆሙ። መሬት ላይ ሸራ ዘርግታ የሴት ጌጣ ጌጥ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። አባቴ ጎንበስ አሉና አንድ ሮዝ የፀጉር ማስያዣ አንሥተው "ስንት ነው?" አሏት።

አባቴ መላጣ ናቸው።

ያኔ ነው የገባኝ። ዝግ ያለው እርምጃ፣ ወደ ጎን ያዘነበለው አንገት፣ ወደ ኋላ የተተወው ጆሮ። በመጡ በማግስቱ ቁርስ ላይ ነበር መሄድ የጀመሩት። ስንት ሐሙስ ሙሉ ከፊቴ ሲሄዱ፣ እኔ ሸሚዝ እተኩሳለሁ!

"አባዬ" አልኩ። የቤተ መጻሕፍት ድምፄ ነው የወጣው፤ አጠገቤ ያለችው እርግብ እንኳ አልደነገጠችም። ትንፋሼን ሳብኩና ያቺ የአቮካዶዋ ሴት እንዳደረገችው ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ በዕድሜዬ ጮኼ በማላውቀው ጩኸት "አባዬ!" አልኩ። ረዳቶቹ ሁሉ ዝም አሉ። አንዱ "አባባ፣ እየተጠሩ ነው እኮ" አላቸው። አባቴ አልዞሩም። የፀጉር ማስያዣውን አገላብጠው ያያሉ።

በመጀመሪያው ጥሪ አይዞርም።

"አባዬ ይመለሱ! አይሂዱብኝ!"

ቀስ ብለው ዞሩ። ሥራ እንደበዛበት ሰው እያመነቱ መጡና ፊቴ ቆሙ። "ምን ነበር?" አሉ።

"እንዲቀሩ እፈልጋለሁ። ከእኔ ጋር እንዲኖሩ።"

"ለጉልበቴ ነው?"

"ለጉልበትዎ አይደለም፤ ለእኔ ነው። ብቻዬን ሰልችቶኛል። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ውስጥ የሚያማርር ሰው እፈልጋለሁ።" እያለቀስኩ ነበር። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ።

"ኮትዎን ያውልቁ አትዪኝም?"

"አልልም።"

"ሐይቁ ጋ በየጊዜው አትወስጂኝም?"

"አልወስድዎትም።"

አሰቡበት፤ ወይም ያሰቡ መሰሉ። ረዳቱ "አባባ፣ ይገባሉ አይገቡም?" ሲላቸው "ተወው" አሉት፣ ጀርባቸውን ሰጡትና ሄዱ። እሱ ግን ጠራቸው፣ ደጋግሞ ጠራቸው። እንዴት ደስ እንዳላቸው! አልዞሩም።

ባጃጅ ውስጥ ሻንጣውን እግራችን መሀል አድርገን ተቀመጥን። ሾፌሩ ወዴት ነው ሲል፣ እኔ "ወደ ቤት" ልል ስል እሳቸው ቀድመው "አሮጌ ገበያ። ሐሙስ ነው፣ ደንበኛዬ ትጠብቀኛለች" አሉት። ትንሽ እንደሄድን ጉልበታቸውን በእጃቸው ያሹ ጀመር። አመመዎት ወይ አልኳቸው።

"አላመመኝም" አሉ፣ ወደ ውጭ እያዩ። "ደክሞት ነው። ልጄ፣ እኔ ከዚያ በላይ ቀስ ብዬ መሄድ አልችልም ነበር።"